የተሸናፊ ምስክርነት
ስለ ካርታ ጨዋታ ሚዛን የተደረገ ምልልስ

ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ተማሪዋ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ታጠናለች፤ መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ አጎቷ ናቸው። እሷ ስልኳ ላይ የካርታ ጨዋታ ትጫወታለች፤ እሳቸው ገበጣና ቼዝ ይወዳሉ። ክርክሩ የተነሣው የእሷ ጨዋታ አዲስ የካርታ ስብስብ ባወጣ ሰሞን ነው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይህ ጨዋታ አበቃለት። አዲሱ ስብስብ ከወጣ ወዲህ ሚዛን የሚባል ነገር የለውም።

መምህሩ፦ ሚዛን የለውም ስትዪ ምን አይተሽ ነው?

ተማሪዋ፦ አንድ ካርታ አለ። አራተኛው ተራ ላይ ይወርድና ሜዳው ላይ ያሰለፍኩትን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱ ላይ ይገጥመኛል። አንዴ ከወረደ ማድረግ የምችለው ነገር የለም፤ ቁጭ ብዬ መሸነፌን መጠበቅ ነው። እኔም ልያዘው ብል ደግሞ ያለ ገንዘብ አይገኝም።

መምህሩ፦ አራት ክስ በአንድ ማመልከቻ አቀረብሽ። ካርታው ከልክ በላይ ብርቱ ነው፣ አንድ። በዝቷል፣ ሁለት። ምርጫ ያሳጣኛል፣ ሦስት። ውድ ነው፣ አራት። የእያንዳንዱ ማስረጃ ለየቅል ነው። አንዱን በሌላው ማስረጃ ላረጋግጥ ካልሽ ሙግቱ ይበላሽብሻል።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ከብርታቱ እንጀምር። እየተሸነፍኩ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

መምህሩ፦ ጨዋታው የሚያገናኝሽ ከማን ጋር ነው?

ተማሪዋ፦ ከአቻዬ ጋር። ሳሸንፍ ከፍ ካሉት ጋር፣ ስሸነፍ ዝቅ ካሉት ጋር።

መምህሩ፦ እንግዲያው ካርታው ፍትሐዊ ሆነም አልሆነ ውጤትሽ ወደ ግማሽ በግማሽ እየተሳበ ይሄዳል። ግማሽ በግማሽ በሆነ ጨዋታ ደግሞ የሚቀጥሉትን ሦስቱን በተከታታይ የመሸነፍ ዕድልሽ አንድ ስምንተኛ ነው። አምስቱንም የመሸነፍ ዕድልሽ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ። ማታ ማታ ለሚጫወት ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ሦስቴ ሲሸነፍ ግን ጥፋቱን የሚጭነው መጨረሻ ባየው ካርታ ላይ ነው።

ተማሪዋ፦ የእኔን ቁጥር እንተወው። ከብዙ ሺህ ጨዋታ የሚሰበሰብ ቁጥር አለ። ዴክ ማለት አንድ ተጫዋች መርጦ የሚይዘው የካርታ ስብስብ ነው። አንድ ዴክ ከመቶ 55ቱን ካሸነፈ ተጫዋቹ ሁሉ ይጮኻል።

መምህሩ፦ ከመቶ 55 ማለት ከ20 ጨዋታ 11 ማሸነፍ ነው፤ ከእኩል የሚለየው በአንዲት ጨዋታ። ያቺን አንዲት ጨዋታ ተጫውቶ በስሜት የሚለያት ሰው የለም፤ የምትለየው በቁጥር ብቻ ነው። በቼዝም ነጭ ቀድሞ ስለሚጀምር በታላላቅ ውድድሮች ከመቶ 54 ወይም 55 ያህል ነጥብ ይወስዳል። ስለዚህ ቼዝ ተበላሽቷል የሚል ሰምተሻል?

ተማሪዋ፦ አልሰማሁም፤ ግን ምክንያት አለው። በቼዝ ዛሬ ጥቁር ብይዝ በሚቀጥለው ነጭ እይዛለሁ፤ ጥቅሙ ይዞራል። ያንን ዴክ ግን ካልገዛሁት በሚቀጥለውም የእኔ አይሆንም። አምስቷ ነጥብ አንድ ወገን ላይ ተቀምጣ ትቀራለች።

መምህሩ፦ ይህ ደህና መከራከሪያ ነው፤ አስቀምጪው፣ እንመለስበታለን። የጨዋታችሁ ነገር ከሠፈር ካርታ የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው። ሠፈር ውስጥ ኮንከር ስትጫወቱ ካርታው አንድ ነው፤ ተበውዞ ለሁሉም ይታደላል። ብርቱ ካርታ ቢኖር ዛሬ ለባላጋራሽ፣ ነገ ለአንቺ ይደርሳል። እድሉ ለሁሉም እኩል ክፍት ስለሆነ ስለ ካርታው ብርታት የሚከራከር የለም። እናንተ ግን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ካርታ ከቤት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ውጊያው ግማሹ ሳትቀመጡ አልቋል።

ተማሪዋ፦ ደስታውም እሱ ነው እኮ። ዴክ መሥራት ከመጫወት አይተናነስም። ሪቻርድ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ‘ማጂክ’ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲያወጣ አዲስ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሰው የራሱን ካርታ ሰብስቦ የራሱን መንገድ ይዞ ይመጣል። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ1994 መጀመሪያ ላይ፣ የሚከለከሉና በቁጥር የሚገደቡ ካርታዎች ዝርዝር መውጣት ግድ ሆነ። የሚዛን ክርክር ከጨዋታው ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ነው።

መምህሩ፦ ቀድሞ የሚጀምረውን ጥቅምስ እንዴት አደረጉት?

ተማሪዋ፦ ‘ሀርትስቶን’ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጨዋታ፣ ቀድሞ የሚጀምረው በሦስት ካርታ ይነሣል። ሁለተኛው አራት ይሰጠዋል፤ በላዩም አንዲት ሳንቲም ይጨመርለታል። ሳንቲሟ ካርታ ለማውረድ የሚያስፈልገውን ኃይል ለአንድ ተራ ብቻ በአንድ ትጨምርለታለች። መቼ እንደሚያወጣት መምረጥ የእሱ ፈንታ ነው።

መምህሩ፦ ብልሃት ነው። የእኛ አባቶች በሰንጠረዥ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። በዚህ በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጽፎታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አሳትሟል።

ተማሪዋ፦ ታዲያ እጁ የፈጠነ አይጠቀምም?

መምህሩ፦ ፈጥኖ የተሰለፈ ሐሳቡን ቀድሞ ገለጠ፤ የዘገየው አይቶ መልስ ያዘጋጃል። የፍጥነት ጥቅምና የማየት ጥቅም ተፋጠጡ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው አልልሽም። ግን ሁለቱም ለሁለቱም ተጫዋች ክፍት ናቸው።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ሚዛን ማለት እኩልነት ከሆነ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ዴክ ይዘን ብንጫወት ነገሩ አለቀ።

መምህሩ፦ አለቀ፤ ጨዋታውም አብሮ አለቀ። ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ከሁሉም በላይ ሚዛናዊ ነው፤ ማንም ሊያሻሽለው አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ትጫወቺዋለሽ?

ተማሪዋ፦ አልጫወትም። ብሸነፍ ለምን እንደተሸነፍኩ አላውቅም፤ ባሸንፍም እንዲሁ።

መምህሩ፦ ሦስተኛው ክስሽ ላይ ደረስን። ያንን ካርታ የጠላሽው ስለሚያሸንፍ ብቻ አይደለም። የቱ ጋ ብታስተካክዪ እንደምታሸንፊ ስለማይነግርሽ ነው። ለእኔ የሚዛን መለኪያው ይህ ነው፦ ተሸናፊው ከሽንፈቱ ወደ ኋላ ተመልሶ “እዚህ ጋ ሌላ ምርጫ ነበረኝ” ማለት መቻሉ።

ተማሪዋ፦ ከዚህ አንጻር የሚታወሰኝ የ‘ሀርትስቶን’ ‘አንደርቴከር’ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ‘ናክስራማስ’ ከሚባለው ስብስብ ጋር የወጣ፣ በመጀመሪያው ተራ የሚወርድ ርካሽ ካርታ። የተወሰነ ዓይነት ተዋጊ ከኋላው በወረደ ቁጥር ምቱም ዕድሜውም በአንድ በአንድ ያድግ ነበር። በመጀመሪያው ተራ ወርዶ ያልተገደለ እንደሆነ በሦስተኛውና በአራተኛው ማን ይችለዋል? ጨዋታው የሚወሰነው ሳይጀመር ነው። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. የጨዋታው ሠሪዎች አዳከሙት፤ ምቱ ብቻ እንዲያድግ፣ ዕድሜው እንዳለ እንዲቀር ተደረገ። ካርታው አልተሰረዘም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በትንሽ ምት ሊገደል ቻለ። ምርጫ ተመለሰ።

መምህሩ፦ ለማረም ግማሽ ዓመት ፈጀባቸው?

ተማሪዋ፦ ያኔ ካርታ መንካት አይወዱም ነበር። የኋላ ኋላ ተለወጡ። ሚያዝያ 7 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አጋንንት አዳኝ የሚባል አዲስ ጎራ ጨመሩ፤ ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ጎራ ነበር። በማግስቱ አራት ካርታዎቹን አዳከሙ። ሦስቱ ዋጋቸው በአንድ ኃይል ጨመረ፤ አንዱ ሰይፍ ደግሞ ሦስቴ ይመታ የነበረው ሁለቴ ሆነ።

መምህሩ፦ በማግስቱ! ከመውጣቱ በፊት አልሞከሩትም?

ተማሪዋ፦ ይሞክራሉ። ግን ጥቂት ሰዎች ለወራት የሚሞክሩትን ተጫዋቹ በአንድ ቀን ይበልጠዋል። መቶ ሰው በዓመት የማያገኘውን ጥምረት ሚሊዮን ሰው በአንድ ምሽት ያገኘዋል። ስለዚህ በማግስቱ ማረም ነውር አይመስለኝም። እንዲያውም የስልክ ካርታ ከወረቀት ካርታ የሚበልጥበት ይህ ነው። ‘ማጂክ’ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ‘ኦኮ’ የሚባል ካርታ አወጣ። የተቃዋሚን ብርቱ ተዋጊ ችሎታ የሌለው አጋዘን እያደረገ ሁሉን አሰለቸ። ወረቀት ላይ የታተመን ቃል ማረም ስለማይቻል በኅዳር ከዋናው ውድድር ጨርሶ አገዱት። የገዛው ሰው በእጁ ይዞ ቀረ። ስልክ ላይ ቢሆን ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉትና ይኖር ነበር።

መምህሩ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ያው ያስደሰተሽ ነገር ነው። ያንቺ ያልሽው ካርታ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ሌላ ካርታ ሆኖ ያድራል። በገበጣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ የአበላሉ ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል፤ ፓንክረስት ስንት ዓይነቱን መዝግቧል። ስለዚህ ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ጋር ስቀመጥ ጠጠር ሳናነሣ በፊት ሕጉን እንነጋገራለን። በገና ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ የሜዳው ስፋት አልተለካ፣ የተጫዋቹ ቁጥር አልተወሰነ፣ ሁሉም በስምምነት ነው። ሕጉ የተቀመጡት ሰዎች ነው። አንቺ ጋ ሕጉ የማን ነው?

ተማሪዋ፦ የድርጅቱ። ግን ካሳ ይከፍላሉ። በ‘ሀርትስቶን’ ከሁሉ ብርቅ የሆነውን ካርታ ለመሥራት 1600 ዱቄት ያስፈልጋል። ዱቄት የጨዋታው ገንዘብ ነው። በሌላ ጊዜ ያንን ካርታ ብታፈርሰው 400 ብቻ ታገኛለህ ይላሉ፤ ሲያዳክሙት ግን ለተወሰነ ጊዜ ሙሉውን 1600 ይመልሳሉ።

መምህሩ፦ ታዲያ ይህን ካወቅሽ ምኑ ነው የሚከፋሽ?

ተማሪዋ፦ የሚመለሰው የተነካው ካርታ ዋጋ ብቻ መሆኑ። ዴኩ 30 ካርታ ነው። አንዱን ምሰሶ ሲነቅሉት የቀሩት 29ኙ እሱን ተደግፈው የተመረጡ ናቸው፤ ለእነሱ ካሳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጸው ‘ዋርሶንግ ኮማንደር’ የሚባለውን ካርታ ሲለውጡ የሆነው እሱ ነው። አቅም ያነሳቸውን ተዋጊዎች በወረዱበት ተራ እንዲመቱ ያደርግ የነበረ ካርታ ነበር። ለውጡ እጅግ ስለከበደ የሚጠቀምበት ሰው ጠፋ፤ በዙሪያው የተሠራው ታዋቂ ዴክ ሙሉ በሙሉ ሞተ። ከሁሉም ካርታ ለውጥ የምፈራው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ማረም ብለው መግደል።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ተስማማን። እንግዲህ አራተኛውን ክስ አምጪው። እውነቱን ለመናገር እሱን ከፋይሉ እንድታወጪው ልመክርሽ ነበር። ዋጋ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ሚዛን የጨዋታ ጉዳይ ነው።

ተማሪዋ፦ አላወጣውም። ስሙኝማ። አዲስ ስብስብ ለምን ይወጣል? ሊሸጥ። አዲሶቹ ካርታዎች ከድሮዎቹ ደካማ ቢሆኑ ማን ይገዛቸዋል? እኩል ቢሆኑ እንኳ ግማሹ ሰው በያዘው ይቀጥላል። ስለዚህ አዲሱን ካርታ ከአሮጌው ትንሽ ከፍ ለማድረግ የሚገፋፋ ነገር ሁልጊዜ አለ። ከዓመት ዓመት ትንሽ፣ ትንሽ፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ዓመት ጀግና መሣቂያ ይሆናል። ሚዛኑን የሚይዘውና ዕቃውን የሚሸጠው አንድ ሰው ነው። ታዲያ ዋጋው ከሚዛኑ እንዴት ይለያል?

መምህሩ፦ አሮጌዎቹንም ያሰናብታሉ አይደል?

ተማሪዋ፦ አዎ። ‘ሀርትስቶን’ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋናው መደብ በአብዛኛው የሚፈቅደው የቅርብ ጊዜ ስብስቦችን ነው፤ በየዓመቱ ያረጁት ይወጣሉ። እኔ የምጫወተውም ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። ይህ ለሚዛን ጥሩ ነው፤ ሁለት ሺህ ካርታ ከማረም ስድስት መቶ ማረም ይቀላል። ግን የጊዜ ገደብ አለው ማለት ነው፤ ካርታህን ወይ በጊዜው ትጫወትበታለህ ወይ ያልፍሃል። ያ ገደብ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ገብቼ አላውቅም። ስመለስ በነጻ እየተጫወትኩ ያጠራቀምኳቸው ካርታዎች ከዋናው መደብ ወጥተው ነበር። አዲሱን ልግዛ ብል መደብሩ የሚያውቀው ዶላር ነው፤ እኔ ያለኝ ቴሌብር ነው።

መምህሩ፦ የተቋረጠውን ኢንተርኔት ግን የካርታው ሠሪ ላይ አትጭኚውም።

ተማሪዋ፦ አልጭንበትም። የምለው ሌላ ነው። ‘ሁሉም ዴኮች ከመቶ 48 እስከ 52 ያሸንፋሉ፤ ሚዛኑ ተጠብቋል’ የሚል ቁጥር ሲያወጡ፣ የቆጠሩት ዴኩን መሥራት የቻሉትን ነው። እኔ በሙሉ ዴክ አልተቆጠርኩም። በግማሽ ዴክ የሚጫወተው ሰው ሽንፈት ‘የተጫዋች ስሕተት’ ተብሎ ይመዘገባል። ቅድም ቼዝ ላይ ያስቀመጡልኝን ነገር አሁን ላንሣው፦ ጥቅሙ የማይዞር ከሆነ ሃምሳ በመቶም ሚዛን አይደለም።

መምህሩ፦ ይህን አልመለስኩልሽም፤ ልመልስም አልችልም። የእኔ መለኪያ ጎዶሎ ነበረች። “ሌላ ምርጫ ነበረኝ” ማለት መቻል በቂ ነው ብዬ ነበር። ምርጫው ኪሱ ውስጥ ለሌለ ሰው ምርጫ አልነበረም።

ተማሪዋ፦ ሰንጠረዡ ላይስ? ደካማው ምን ይደረግለት ነበር?

መምህሩ፦ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በሕግ ነው፤ ጠጠሩ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይቻልም፤ ጨዋታው እኩል ይባላል። ስለዚህ ብርቱው ያገኘውን ሁሉ እየበላ ቢሄድ ድሉን ያጣል፤ ሲያሸንፍም መጠንቀቅ አለበት። ሁለተኛው በክብር ነው። በብርቱ ጠጠር ማት ማድረግ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ፣ ይልቁንም በእግረኞቹ ያሸነፈ ይወደሳል። ሕጉ ሳይነካ፣ ጠጠሩ ሳይለወጥ፣ ተመልካቹ ራሱ ሚዛኑን ይጠብቅ ነበር።

ተማሪዋ፦ ያ እንግዲህ ተመልካች ሲኖር ነው። እኔ የሚገጥመኝ ሰው ስሙን አላውቅ፣ ፊቱን አላይ፤ ማን ያፍራል? በዚያኛው ካርታ ሲያሸንፈኝ የሚያገኘው ነጥብ በሌላው ሲያሸንፍ ከሚያገኘው እኩል ነው። ማሸነፍ ብቻ በሚቆጠርበት ቦታ ሁሉም ያንኑ ዴክ ቢይዝ አልፈርድበትም። ሁለተኛው ክሴ፣ መብዛቱ፣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መምህሩ፦ እና ፊት ለፊት የምትተያዩት ጓደኞችሽስ? ዶርም ውስጥ እንዴት ትጫወታላችሁ?

ተማሪዋ፦ እዚያ ሕግ አውጥተናል። ብርቅ ካርታ ክልክል ነው፤ ማንም በነጻ የሚያገኛቸውን ተራ ካርታዎች ብቻ ይዞ ይመጣል። ‘ማጂክ’ም እንዲህ ያለ መደብ አለው፤ በወረቀት የሚጫወቱት በየራሳቸው ዝርዝር ሲጫወቱት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ድርጅቱ በወረቀትም በኮምፒውተርም አንድ የሚሆን ዝርዝር አወጣለት። ከሁሉም ይበልጥ የተደሰትኩት እዚያ ስጫወት ነው። ብዙ ጊዜም እሸነፋለሁ።

መምህሩ፦ ገበጣ ሆነ እኮ! ሕጉ ወደተቀመጡት ሰዎች ተመለሰ።

ተማሪዋ፦ ለስድስት ሰው ተመለሰ። ለሚሊዮኑ አሁንም ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ጠባቂው ደግሞ የሚሰማው ሲጮኹበት ነው። ስለዚህ ልጽፍላቸው ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?

መምህሩ፦ የምስክር ቃል ጻፊ እንጂ ፍርድ አትጻፊ። ‘ይህን ካርታ አዳክሙት፣ ዋጋውን አምስት አድርጉት’ ማለት ፍርድ ነው። የሌሎቹን ዴኮች ቁጥር የሚያዩት እነሱ ስለሆኑ እዚያ ላይ ይበልጡሻል። ግን ስትሸነፊ እጅሽ ላይ ምን እንደነበረ፣ በየትኛው ተራ ላይ ምርጫሽ እንዳለቀ፣ ከስንት ጨዋታ በስንቱ እንደገጠመሽ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እነሱ ጋ ያለው የቁጥር መዝገብ ማን እንዳሸነፈ ይነግራቸዋል፤ መቼ ተስፋ እንደቆረጥሽ አይነግራቸውም።

ተማሪዋ፦ የሚቀጥሉትን ሃያ ጨዋታዎች እመዘግባለሁ። ብርታቱን፣ መብዛቱንና ምርጫ ማሳጣቱን ለየብቻ እጽፋለሁ።

መምህሩ፦ አራተኛውንስ?

ተማሪዋ፦ መጀመሪያ ላይ ነው የማደርገው። በነጻ የምጫወት መሆኔን፣ ከዴኬ ስንቱ ካርታ እንደጎደለ፣ ለምን መግዛት እንዳልቻልኩ። ይህን ሳይቆጥሩ የሚያወጡት ቁጥር የከፋዮች ሚዛን ነው፤ ይህንኑም እጽፍላቸዋለሁ።

መምህሩ፦ ‘ይህ ሚዛንን አይመለከትም’ ብለው ቢመልሱልሽስ?

ተማሪዋ፦ እርስዎም ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ሲሰሙ ግን ሐሳብዎን ለወጡ።